ከኋላ የተቀመጠችው

አንድ ሰው ነበር። ወገኖቼ፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ። ሚስቱን የሚወድ፣ በሞተር ሳይክል ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ነው።

ሚስቱ ጡሩነሽ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ ጽንሱ ወርዶባታል። ሦስተኛውን ስትፀንስ ጤና ጣቢያው በየሁለት ሳምንቱ እንድትታይ አዘዛት። መንገዱ ደግሞ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ምን አደረገ? «ይህችን ልጅ እያንገጫገጭኩ አልወስዳትም» አለና የሞተሩን የኋላ ሾክ፣ ያንን የመንገዱን መንገጫገጭ የሚያለዝበውን ባለሞላ ብረት፣ አስፈታ። በምትኩ ኩንታል ከሚጭን ትልቅ ሞተር የወጣ፣ ክንድ የሚያህል ሾክ አስገጠመ። ጠንካራ ነው፣ አይደል? ለሚስቱ ጠንካራ ነገር ይገባታል ብሎ ነው።

ብቻውን ነድቶ ሞከረው። ደስ አለው።

ጡሩነሽን ይዞ ሲሄድ ጉድጓድ ባለፈ ቁጥር «እንዴት ነው?» ይላታል። «ደህና ነው» ትለዋለች። ምን ትበል? ባሏ ስለ እሷ ብሎ ደክሟል፤ ፊቱ በርቷል። ያንን ፊት እንዴት ታጥቁረው? ጥርሷን ነክሳ ሆዷን ደግፋ ትሄዳለች። በሦስተኛው ጉዞ ግን አልቻለችም፤ «አውርደኝ፣ ትንሽ በእግሬ ልሂድ» አለችው።

ከፋው። በማግስቱ መካኒኩ ጋሽ ዳና ዘንድ ሄደና «ይሄን ሁሉ አድርጌላት በእግሬ ይሻለኛል ትላለች» ብሎ አማረረ።

ጋሽ ዳና ቁልፉን ተቀበለው። «እኔ ልንዳ፣ አንተ ከኋላ ተቀመጥ» አለው።

ወገኖቼ፣ ሰውዬው በገዛ ሞተሩ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። መቶ ሜትር ሳይሄዱ ወገቡ ተንቀጠቀጠ፣ ሆድ ዕቃው ተላወሰ። «ቁም ጋሽ ዳና፣ በቃኝ» አለ። ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። «እኔ ባዶ ሆዴን ያልቻልኩትን እሷ እንዴት ቻለችው?»

«ይሄ ሾክ ሁለት ኩንታል ካልተጫነው አይታጠፍም» አለው ጋሽ ዳና። «ሚስትህ ስንት ኪሎ ናት?»

አያውቅም። የበቆሎ ኬሻ በዓይኑ የሚመዝን ሰው የሚስቱን ኪሎ አያውቅም። ቤቱ ሮጦ የእርግዝና ክትትል ካርዷን አመጣ፤ ሃምሳ አንድ ይላል። ጋሽ ዳና ካርዱን አይቶ፣ ከሌላ ቀለል ያለ ሞተር የወጣ ለስላሳ ሾክ መርጦ ገጠመለት። በዚህኛው መጀመሪያ ከኋላ ተቀምጦ የሞከረው ባልየው ነው። ጡሩነሽም በዘጠኝ ወሯ በሰላም ተገላገለች።

እናንተ መሪውን የያዛችሁ፣ አባቶች፣ እናቶች፣ እኛም አገልጋዮች፣ ፍቅራችን አይጠረጠርም። ግን «ደህና ነኝ» ስላሉን ብቻ ደህና ናቸው? ጥርሳቸውን ነክሰው ስንት መንገድ አብረውን ሄዱ? ጌታችን ከላይ ሆኖ «እንዴት ናችሁ?» ብሎን አልቀረም። ወረደ። ደከመው፣ ተራበ፣ አለቀሰ።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ያደረጋችሁላቸውን አትዘርዝሩ። የሚስትህን የአንድ ቀን ውሎ አንተ ዋልላት። የልጅሽን ፍርሃት አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ስሚው። ያ ሰው ሚስቱን ድሮም ይወዳት ነበር፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካለቀሰ በኋላ ግን አወቃት። እናንተስ የምትወዱትን ሰው ታውቁታላችሁ?