የስንዱ ቸኮሌትና የታሰረው ጥጃ

ቁጭ በሉ። እኔ ብዙ አልናገርም፤ ይህን ግን ከጫፉ ካልያዛችሁት መጨረሻው ያመልጣችኋል።

ልጄ ስንዱ አንድ ሳህን የተመታ ቸኮሌት መሥራት ፈለገች። ቡና ቡና የሚል፣ ማንኪያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም። ከተማ ውስጥ አንድ ኬክ ቤት ገብታ ስድስት ወር ተምራለች። የኬክ ቤቱ ባለቤት እትዬ ሐረገወይን በመጨረሻ ስንዱ የሠራችውን ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ስንዱዬ፣ ይህ ቡና ነው እንጂ ቸኮሌት አይደለም። እጅሽ ከበደ» አለቻት። «ቅዳሜ በእናንተ በኩል አልፋለሁ። ደግመሽ ሥሪና አቅምሺኝ። ከጣመኝ ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ። ካልጣመኝ እዚያው ከአባትሽ ጋር ቡና ልቀሚ።»

መሥሪያ የሚሆናትን ደረቅ ቸኮሌት በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። ስንዱ ግን እጅሽ ከበደ መባሏን አላመነችም። እኛ ቤት ቡና በዛ ተብሎ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት እናቷ እህቷን ልትጠይቅ ማዶ ሄዳለች። ስንዱ የእንቁላል መምቻውን አነሳች።

«አንተ መምቻ፣ ምታልኝ።»

«አልመታም» አለ መምቻው። «ይህ ቸኮሌት ድንጋይ ነው። ሽቦዬ ይጣመማል። መጀመሪያ ይቅለጥ።»

መምቻ ይናገራል ወይ አትበሉኝ። በዚያ ጠዋት ተናግሯል።

ወደ ቸኮሌቱ ሄደች። «ቸኮሌት፣ ቅለጥልኝ። መምቻው አልመታም አለ።»

«አልቀልጥም» አለ ቸኮሌቱ። «እሳት ላይ ብትጥጂኝ አራለሁ፤ ከዚያ አንቺው ታለቅሻለሽ። ትኩስ ስልባቦት አፍስሺብኝ።»

ወደ ወተት ቅሉ ሄደች። «አንተ ቅል፣ ስልባቦት ስጠኝ። ቸኮሌቱ አልቀልጥም አለ፣ መምቻው አልመታም አለ።»

«ባዶ ነኝ» አለ ቅሉ። «ካላመንሽ አፌ ላይ ጩኺ፣ መልሶ ይጮህልሻል። ዳለቻ ወተት ካልሰጠችኝ ስልባቦት ከየት ላምጣ?»

ዳለቻ ላማችን ናት። ስንዱ ወደ በረት ሄደች። «ዳለቻ፣ የኔ እመቤት፣ ወተት ስጪኝ። ቅሉ ባዶ ነኝ አለ፣ ቸኮሌቱ አልቀልጥም አለ፣ መምቻው አልመታም አለ።»

ዳለቻ በጭራዋ ፊቷን ጠረገችላት። «አልሰጥም። ጥጃዬ መጥቶ ጡቴን ሳይስብ ወተት አወርዳለሁ? ስድስት ወር ከተማ ተቀመጥሽና ይህን ረሳሽው?»

ስንዱ አፈረች። ወደ ጥጃው ወደ ቦራ ሄደች። «ቦራ፣ ወደ እናትህ ሂድልኝ። ላሚቱ አልሰጥም አለች፣ ቅሉ ባዶ ነኝ አለ፣ ቸኮሌቱ አልቀልጥም አለ፣ መምቻው አልመታም አለ።»

«እኔ መሄድ ጠልቼ ነው እንዴ!» አለ ቦራ። «ሆዴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ታስሬያለሁ። ገመዱን አነጋግሪው።»

«አንተ ገመድ፣ ላላ። ጥጃው ታስሬያለሁ አለ፣ ላሚቱ አልሰጥም አለች፣ ቅሉ ባዶ ነኝ አለ፣ ቸኮሌቱ አልቀልጥም አለ፣ መምቻው አልመታም አለ።»

«አልላላም» አለ ገመዱ። «ራሱን የሚፈታ ገመድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቋጠሮውን እይው። የአባትሽ ነው።»

በጥፍሯ ሞከረች። በጥርሷ ሞከረች። የእኔን ቋጠሮ ከእኔ ሌላ የፈታው የለም።

ያኔ ወደ እኔ መጣች። እኔ ራሴን በጨርቅ አስሬ ደጃፍ ተቀምጫለሁ።

«አባባ፣ ገመዱን ይፍቱልኝ። ገመዱ አልላላም አለ፣ ጥጃው ታስሬያለሁ አለ፣ ላሚቱ አልሰጥም አለች፣ ቅሉ ባዶ ነኝ አለ፣ ቸኮሌቱ አልቀልጥም አለ፣ መምቻው አልመታም አለ፣ ቅዳሜ ደግሞ እትዬ ሐረገወይን ትመጣለች!» በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው።

«አልፈታም» አልኩ።

«ለምን?»

«ጥጃው ትናንት አርባ የቡና ችግኝ በልቷል። አጥሩ ሳይጠገን አይፈታም።»

«እሺ፣ አጥሩን ይጠግኑ።»

«ቡና ሳልጠጣ መጥረቢያ አላነሳም። ራሴ ለሁለት ሊሰነጠቅ ነው።»

«እሺ፣ ቡና ይጠጡ!»

«የለም።»

እውነቴን ነው። ያምናውን ሸጠን ጨርሰናል፤ የዘንድሮው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው። ቡና የሚቀመጥበትን ማሰሮ ሁለቴ ደፍቼ አራግፌዋለሁ። የወጣው አንድ ሸረሪት ነው።

ስንዱ ቀኝ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«እጅሽ ላይ ምን አለ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ምንም የሚሉት ነገር አይሸትም። ይህ ይሸታል።»

እጇን አወጣች። መሐረብ ነው። መሐረቡ ውስጥ አንድ ጭብጥ የተቆላ ቡና አለ።

«ከማሰሮው የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ አባባ። ለቸኮሌቱ ነው። ሲነጋጋ ቆላሁት። ከዚህ ላይ ከተቀነሰ ምኑ ቡና ቡና ይላል? ተበላሸ ማለት ነው። ሰኞ የት እሄዳለሁ?»

እኔ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ።

መሐረቡን አየች። እኔን አየች። ቦራ ከወዲያ እምቧ አለ። የመሐረቡን ቋጠሮ ፈታችና ፍሬውን ለሁለት ከፈለችው። ከእኔ ድርሻ አንድ ፍሬ አንስታ ወደ ራሷ መለሰች። አየኋት። ፍሬዋን መልሳ አስቀመጠች።

የእኔ ግማሽ ተወቀጠ፣ ፈላ፣ ተቀዳ። ጠጣሁ። የራሴን ጨርቅ ፈታሁ። ከዚያማ ማን ያቁመው!

እኔ ቡናዬን ጠጣሁ፣ አጥሩን አጠርኩ፣ ቋጠሮውን ፈታሁ። ገመዱ ላላ፣ ጥጃው ሮጠ፣ ላሚቱ ወተቷን ለቀቀች፣ ቅሉ እስከ አፉ ሞላ። ወተቱ አድሮ አርብ ጠዋት ስልባቦቱ ከላይ ተንሳፈፈ። ስንዱ ገፈፈችው፣ አሞቀችው፣ የቀረውን ግማሽ ቡና ሸርከት አድርጋ ነከረችበት። ከድና አቆየችው፣ አጠለለችው፣ ቸኮሌቱ ላይ አፈሰሰችው።

«አሁን ሰው አደረግሽኝ» አለ ቸኮሌቱና ቀለጠ።

ስልባቦትና ቸኮሌት አንድ እስኪሆኑ አማሰለችው። ሳህኑን ከድና እንዲበርድ ከቤታችን በታች ባለው ምንጭ ውስጥ፣ ውሃው እስከ ወገቡ እንዲደርስ አድርጋ አሳደረችው። ቅዳሜ ጠዋት መምቻውን አነሳች።

«አሁንስ?»

መምቻው መታ። ጥቁሩ ፈካ፣ ከባዱ ቀለለ፣ ፈሳሹ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስንዱ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ ቡናው አነሰ» አለች። «አለቀልኝ።»

ሌላ ቡና የለም። ሌላ ቀንም የለም። እትዬ ሐረገወይን በር ላይ ናት።

ተቀመጠች። ማንኪያውን ነከረች፣ ገለበጠችው። አልወደቀም። አፏ ውስጥ አደረገችው። ስንዱ የቀሚሷን ጫፍ ትጠመዝዛለች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

እትዬ ሐረገወይን ማንኪያውን አላስቀመጠችም። ደገመች። ሰለሰች።

«ቡናው አለ፣ ግን አይጮህም» አለች። «ቸኮሌቱም ተሰማኝ። ስድስት ወር ስለፈልፍ ያልሰማሽኝን ማን አሰማሽ? እጅሽን ማን አቀለለው?»

ስንዱ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ አጥሩ አየሁ።

«የአባባ ራስ ምታት» አለች።

እትዬ ሐረገወይን እስክታነባ ሳቀች። «በይ ሰኞ ጠዋት ነይ። ራስ ምታቱንም ይዘሽልኝ ነይ።»

ሰኞ ስንዱ ሄደች። አጥሩ እስከ ዛሬ አልተነካም፤ ከቦራ የተረፈው ችግኝም ደርሷል።

ሳህኑን ቦራ ላሰው። መምቻው ላይ የቀረውን ማን እንደላሰው አትጠይቁኝ። ወሬዬ ይኸው፣ ውሰዱት፤ አፌን እኔው ጠርጌዋለሁ።