የተጠቃሚ ስም

አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ጋሽ ዝጋለ ቧንቧቸው ከደረቀ አሥራ ሁለተኛ ቀኑን ቢይዝ ወደ ከተማው ውኃ ቢሮ ሄዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳል ጀሪካን ሲያመላልሱ ከርመው ወገባቸውን ይዘው ተኝተዋል። «ዛሬ የቧንቧ ሠራተኛ ይዘህ ካልመጣህ፣ ከነገ ጀምሮ ጀሪካኑን አንተ ትሸከመዋለህ» ብለዋቸዋል። ቢሮው ግን በመስኮት አቤቱታ ይቀበል የነበረውን ሰው አንስቶ፣ በቦታው አንድ ባለ ስክሪን ማሽን ገትሯል።

ማሽኑን የሠራው ኢንጂነር ብሩህተስፋ የሚባል ሰው ነው። በዚሁ ሥራው አንዴ ለሥልጠና ውጭ አገር፣ አንዴ ለሽልማት አዲስ አበባ ደርሶ መጥቷል፤ ሹመትም ጨምረውለታል። አቤቱታውን አስመዝግቦ የሄደ ሰው ግን እስካሁን አልታየም።

ጋሽ ዝጋለ ስማቸውን ሞሉ። የይለፍ ቃል ጠየቃቸው፣ እሱንም ሞሉ። «ቢያንስ አንድ ትልቅ ፊደል ያስገቡ» አላቸው።

«ልጄ» አሉ ማሽኑ ሥር ወደቆመው ኢንጂነር ዞረው፣ «ትልቁ ፊደል የቱ ነው? ሀሌታው ሀ ነው ወይስ ሐመሩ ሐ?»

«የእንግሊዝኛውን ነው የሚልዎት፣ አባባ!»

«እኔ የጠፋብኝ ውኃ ነው እንጂ እንግሊዝኛ መቼ ጠፋብኝ?»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ማሽኑ ግን ቀልድ አያውቅም፤ «ጊዜዎ አልቋል» ብሎ የሞሉትን ሁሉ ጠራርጎ ወደ መጀመሪያው መለሳቸው። እንደገና ሞሉ፣ እንደገና መለሳቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመልሳቸው የቢሮው ኃላፊ እንግዶች አስከትለው ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰልፍ?» ሲሉ ጠየቁ።

ኢንጂነሩ ደረቱን ነፋ አደረገ። «ማሽኑ እንከን የለውም፣ ክቡር ኃላፊ። ችግሩ ተጠቃሚው ነው።»

ይቺን ሲሰሙ ጋሽ ዝጋለ ደማቸው ፈላ። አርባ ዓመት ሙሉ ሱሪ ሲሰፉ፣ ጠበበኝ ያለ ደንበኛን «እግርህን አስቀንሰህ ና» ብለው አያውቁም። ወደ ማሽኑ ዞሩ። «የተጠቃሚ ስም ያስገቡ» ይላል። በአንድ ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ «ብሩህተስፋ» ብለው ጻፉ።

ኢንጂነሩ አንገቱን አስግጎ አየና እጁን አጨበጨበ። «አላልኳችሁም? የገዛ ስማቸውን እንኳ አያውቁም! አባባ፣ ይሄ እኮ የኔ ስም ነው!»

«የተጠቃሚ ስም ያስገቡ አለኝ፣ አስገባሁ» አሉ ጋሽ ዝጋለ። «በዚህ ማሽን ካንተ ሌላ የተጠቀመ ማን አለ? የተጎጂ ስም ያለኝ ዕለት የኔን አስገባለሁ።»

ኃላፊው በእንግዶቻቸው ፊት ላብ እያጠመቃቸው «ኧረ የኚህን ሰው አቤቱታ በወረቀት ተቀበሉልኝ!» አሉ።