የአያ ጥጋቡ መዳፍ

ቡሬ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤቱ ተራ ላይ፣ ሰው የገዛውን ዕቃ በእጁ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ያዩ ሴቶች ተያይተው የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ብዙው ሰው ከጥንት የመጣች ይመስለዋል። የመጣችው ግን ከአያ ጥጋቡ መዳፍ ነው፤ ነገሩን የሚያውቁትም ሲተርኩት ሳቁን አስቀድመው ቁስሉን ይዘሉታል።

አያ ጥጋቡ ሃያ ሁለት ዓመት የወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ነው። ትምህርቱ ከሰባተኛ ክፍል አላለፈም፤ መዳፉ ግን ጤፍ በሩብ ኪሎ ቢጎድል ያውቃል። «ሚዛን አይዋሽም» የዘወትር ቃሉ ነበረች። አንድ ጊዜ የሚስቱ ታላቅ እህት፣ እትዬ ታንጉት፣ ያመጣችው ጆንያ ከልኩ በላይ ከበደውና ወረፋ በያዘው ሰው ፊት ዘርግፎ ከመሃሉ የወንዝ ድንጋይ አወጣ። «እንዲሁ ነው የገዛሁት» ብትለውም፣ «ሚዛን አይዋሽም እትዬ» አላት። እሷም እህሏን ሰብስባ ሄደች። ዝም ያለ ሁሉ ረሳ ማለት አይደለም።

ሚስቱ የሺመቤት ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። መልኳና ድምጿ የቀረው ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው፤ በልጃቸው ሠርግ እልል ስትል፣ በልጅ ልጃቸው ክርስትና ስትመርቅ፣ እንዲሁ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትልጥ። አንድ ሰሞን ኮምፒውተሩ ሲከፈት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። አያ ጥጋቡ ተሸክሞ፣ እትዬ ታንጉትን አስከትሎ፣ ኮሌጅ ጨርሶ የጥገና ሱቅ ወደከፈተው ወደ ምንተስኖት ሄደ።

ምንተስኖት ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። «ዲስኩ እየሞተ ነው ጋሼ። ሌላ ይግዙና ላዛውርልዎ» አለና እንደ ብስኩት የሳሳ፣ ኤስ ኤስ ዲ የሚባል አዲስ ዓይነት ዲስክ አወጣ። «አምስት መቶ ጊጋ ነው፤ ለቤት ይበቃል። ከዚህ የረከሰው አይበረክትም፤ ከዚህ የተወደደው ለእርስዎ አይጠቅምም። የሦስት ዓመት ዋስትናም አለው።»

አያ ጥጋቡ መዳፉ ላይ አደረገው። የለም እስኪባል ድረስ ቀላል ነው።

«ውስጡ ምን አለ?»

«የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ለዚህ ነው የቀለለው።»

«ይሄ ላባ ምን ሊይዝ ነው?»

ምንተስኖት ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ጤፍ አይደለም እኮ። በእጅ አይመዘንም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፍ ነበር። አያ ጥጋቡ ግን ያችን ፈገግታ ያውቃታል፤ በሰባተኛ ክፍል መምህሩ «አንተ ለሸክም ነው የተፈጠርከው» ሲለው ፊቱ ላይ የነበረችው ናት። ኮምፒውተሩን አንስቶ ወጣ።

«ምን አጠፋ ልጁ?» አለች እትዬ ታንጉት ከኋላው።

«ናቀኝ።»

«ስለ ዲስክ ነው ያወራው።»

«ስለ ዲስክ እያወራ ነው የናቀኝ።»

መናኸሪያው አጠገብ ያለው ነጋዴ ግን «አባቴ» ብሎ ወንበር ሰጠው። የምንተስኖትን ዲስክ ልክና ዋጋ ጠይቆ ከባድ ጥቁር ሳጥን አወጣ። «አራት ቴራ ነው፤ የዚያኛው ስምንት እጥፍ። ዋጋው ደግሞ ግማሽ። ከውጭ በገመድ ይሰኩታል፣ ባለሙያ አያስፈልግዎትም።»

«ለምን ግማሽ ሆነ?» አለች እትዬ ታንጉት።

«በቀጥታ ከአስመጪው ስለምንወስድ ነው እናቴ።»

አያ ጥጋቡ አልሰማቸውም። መዳፉ ደስ ብሎት ነበር። «ዕቃ ማለት ይሄ ነው» አለ። «ሚዛን አይዋሽም።» እትዬ ታንጉት ያችን ቃል ስትሰማ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

ቤቱ ገብቶ ሰካው። ኮምፒውተሩም አራት ቴራ ብሎ ጻፈለት። ያለውን ሁሉ አሻገረና፣ የደከመ አህያ ላይ ጭነት አይተውም ብሎ ከአሮጌው ዲስክ ደመሰሰው። ከዚያ ሽንኩርቱን ከፈተ፤ የሺመቤት እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ሠርጉን ከፈተ፤ ጨለማ። ክርስትናውን ከፈተ፤ ጨለማ።

የቪዲዮው ስም አለ፣ ቀኑ አለ፣ ልኩ አለ፤ እሷ የለችም። ጆንያ ቢቀደድ ከሥሩ ይፈሳል፤ ይሄ የት ፈሰሰ? ነቀለው፣ መልሶ ሰካው። በመዳፉ መዘነው፤ ክብደቱ እንዳለ ነው። ካልቀነሰ ውስጡ አለች ማለት ነው፣ አለ። ደግሞ፣ ስትጫንበትስ መቼ ጨመረ? ሁለት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ታንጉት መጥታ «እስቲ እህቴን አሳየኝ» አለችው። ጨለማውን ከፈተላት። እሷም ኮምፒውተሩንም ሳጥኑንም አሸክማ ወደ ምንተስኖት ወሰደችው።

ምንተስኖት በዚህ ጊዜ ፈገግ አላለም። ብሎኑን ፈትቶ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። በሙጫ የተጣበቁ ሁለት ድፍን ብረቶችና ጥፍር የምታህል የስልክ ሚሞሪ ካርድ ወጡ።

«ብረቱ እንዲከብድ ብቻ ነው» አለ ዝግ ብሎ። «ካርዷም አራት ቴራ ነኝ ብላ እንድትዋሽ ተሠርታለች፤ ስትሞላ፣ የቀረውን የያዘች እየመሰለች ትጥለዋለች። አሮጌው ላይስ አለ?»

«አጠፋሁት። እንዲቀለው ብዬ።»

«ሌላ ካልተጫነበት ሊገኝ ይችላል፤ ካጠፉ ወዲህ ሌላ ነገር ጭነውበታል?»

«ሌላ ምን አለኝ?»

ምንተስኖት ከአሮጌው ዲስክ ላይ ሲፈልግ ዋለ። ክርስትናው አልተገኘም። ሠርጉ ግማሹ ተገኘ፤ እልልታዋ ሱቁን ሲሞላው አያ ጥጋቡ የሚቆምበት ጠፋው። ምንተስኖት የተገኘውን ሁሉ በዚያ ብስኩት በሚያህለው ዲስክ ላይ ገልብጦ መዳፉ ላይ አኖረለት። አያ ጥጋቡ ከፍ ዝቅ አደረገው። ሚስቱ ውስጡ አለች፤ መዳፉ ግን ምንም አልነገረውም።

«እትዬ» አለ ቀና ሳይል፣ «ያ ድንጋይ... እንዲሁ ነበር የገዛሽው?»

እትዬ ታንጉት ከጠረጴዛው አንዱን ብረት አንስታ በሌላው መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና «ያኔም እንዲሁ ነው ብዬህ ነበር፤ ድንጋይም ሚዛን ይደፋል» አለችው።