የጃርት ማለፊያ

ተረት ተረት! የጎረቤት።

አይጥና ጃርት በአንድ ገደል ሥር ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። የሠፈሩ ደንብ፣ ቤቱን የሚያሰፋ ሁሉ ከድንበሩ ፈቀቅ ብሎ ለጎረቤት ማለፊያ እንዲተው ያዛል። አይጥ ግን እስከ ድንበሯ ጫፍ ቆፍራ፣ ማለፊያውን በአፈር ደፈነችው።

«ኧረ አይጢት፣ ስንቴ ልንገርሽ? ማለፊያ ተዪ እንጂ» አላት ጃርት በደከመ ድምፅ።

«በገዛ መሬቴ ምን አገባህ፣ አያ ጃርት!»

ጃርት ንትርኩ ሰልችቶት ወደ ጉድጓዱ ገባ።

በማግስቱ እባብ መጥቶ አይጥ ደጃፍ ላይ ተጠመጠመ።

«አያ ጃርት፣ ድረስልኝ! እባቡ እሾህህን ይፈራል!» ብላ ጮኸች።

ጃርት እሾሁን አቁሞ ወጣ። የአፈሩ ክምር ጋ ሲደርስ ግን ቆመ።

«መጥቻለሁ፣ አይጢት» አላት በዚያው በደከመ ድምፁ። «በየት በኩል ልለፍ?»