ሳይቀደድ የቀረው ክንፍ

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በግቢያቸው ውስጥ አውሮፕላን የሚሠሩ ሽማግሌ። ፈገግ አላችሁ፤ ጎረቤቶቻቸውም እንደ እናንተ ፈገግ ይሉ ነበር። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው፣ አሁን ደግሞ የራሴን እሠራለሁ አሉ። ቤታቸው ከመቂ ወጣ ብሎ ነው፣ ሜዳው ለጥ ባለበት።

አቶ ማንያዘዋል ይባላሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሠሩ። ወገቡን በብረት ቱቦ በየዱ፣ ክንፉን በእንጨት አዋቀሩ። በክንፉ ላይ የሚወጠረውን ጨርቅ ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ሰፉላቸው። በእጃቸው ነው የሰፉት። የመጨረሻውን ክር በጥርሳቸው በጥሰው፣ በል እንግዲህ ከእኔ የሚጠበቀው አለቀ አሏቸው። ከዚያ በስድስተኛው ወር ወይዘሮ ደብሪቱ አረፉ።

ልሳኑ የሚባል የቀድሞ ተማሪያቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያግዛቸው ነበር። ልሳኑ ያኔ አርባን ተሻግሯል፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፤ በሙያው የተመሰገነ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አቶ ማንያዘዋል ፊት ሲቆም ግን አሁንም ተማሪ ነው። ስሙ ልሳኑ ይሁን እንጂ እሳቸው ፊት ልሳን አልነበረውም። የምነግራችሁ የእሱን ታሪክ ነው።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ። አብራሪ ሰማይ ላይ ሲወጣ ዓይኑን ብቻ አያምንም። አውሮፕላኑ ላይ የሚገጠሙ ትንንሽ ሴንሰሮች አሉ። አንዱ ፍጥነት ይለካል፣ አንዱ የአየሩን ሙቀት ይለካል፣ አንዱ ሰሜን ወዴት እንደሆነ ይናገራል። ዋናው ጥያቄ የት ይታሰሩ የሚለው ነው። ሙቀት መለኪያውን ከጭስ ማውጫው አጠገብ ብታስሩት፣ ስለ አየሩ ሳይሆን ስለ ጭስ ማውጫው ይነግራችኋል። ሰሜን ጠቋሚውን ብረትና ኤሌክትሪክ ባለበት ብታስሩት ወደዚያው ያዘነብላል። ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ። አጠገቡ ያለውን እየሰማ ነው። ደግሞ ተሳስቻለሁ አይልም፤ እውነት በሚናገርበት አንደበት ነው ስህተቱንም የሚናገረው።

ሁለቱም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አቶ ማንያዘዋል የፍጥነት መለኪያውን ቧንቧ ከፕሮፔለሩ ንፋስ ለማራቅ ሦስት ጊዜ ነቅለው ተክለዋል። የሰሜን ጠቋሚው ተራ ሲደርስ ግን ነገሩ ከበደ። ትክክለኛው ቦታ የክንፉ ጫፍ ውስጥ ነው፤ እዚያ ብረት የለም፣ ሽቦም የለም። እዚያ ለመግባት ደግሞ ጨርቁ መቀደድ አለበት።

ልሳኑ መቀስ ይዞ ቀረበ። አቶ ማንያዘዋል እጃቸውን ስፌቱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ከመቀመጫዬ ጀርባ ይሁን አሉ። ልሳኑ በትሕትና፣ በዚያ በኩል የጭራው መቆጣጠሪያ ብረት እንደሚያልፍ፣ የነዳጅ ፓምፑ ሽቦም እዚያው እንደሆነ አስታወሳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉት። «ይህን ስፌት ግን እኔ በመቀስ አልነካውም።»

ልሳኑ መቀሱን ኪሱ ከተተ። ከሐዘን ገና ያልወጡ ሰው ናቸው፤ ምን ብሎ ይከራከራቸው? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ሴንሰር ከታሰረ በኋላ ይፈተሻል። አቶ ማንያዘዋል ሞተሩን አስነስተው ውስጥ ተቀመጡ። ልሳኑ በእጅ የሚያዝ ኮምፓስ ይዞ፣ ከአውሮፕላኑ ሠላሳ እርምጃ ርቆ በጭራው ትይዩ ቆመ። አውሮፕላኑን ወደየአቅጣጫው እያዞሩ፣ ውስጥ ያለው የሚያነበውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ውጭ ያለው በእጁ ካለው ጋር ያስተያያል። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ወደ ደቡብ ሲዞሩ አሥራ ሁለት ዲግሪ ሳተ። ደቡብ ማለት ሐዋሳ ነው። ሐዋሳ ማለት ደግሞ አንድ ልጃቸው እታገኝ ናት፤ የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ እሷ ሊያደርጉ ለዓመታት ሲያስቡ የኖሩት ነው።

አቶ ማንያዘዋል ከውስጥ ሆነው እንዴት ነው ብለው ጠየቁ። ልሳኑ በእጁ ያለውን ኮምፓስ ደግሞ አየ። ልክ አይደለም ቢል ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባው። ተመልሶ ወደ መቀሱ ነው የሚሄደው። የሽማግሌው ፊት በዓይኑ ላይ መጣበት።

«ደህና ነው ጋሼ» አለ።

ይህችን ቃል እናውቃታለን አይደል? ትኩሳት ይዞን ደህና ነን። ትዳራችን ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ደህና ነን። ልጃችን ከቤት ወጥቶ ከቀረ ወር ሆኖት፣ ቤተሰብ እንዴት ነው ሲሉን ደህና ነው። ልሳኑ ውሸታም ሰው አልነበረም። እንደ ማናችንም ደህና ነው አለ፣ በቃ።

በመስከረም ወር በአንዱ ማለዳ አቶ ማንያዘዋል ብቻቸውን ተነሡ። ልሳኑ እጁን እያውለበለበ ሸኛቸው። ያኔ መንገድ የሚያሳይ ስልክ በየሰው ኪስ አልነበረም። ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ ደመናው ከሥራቸው ዘጋ፤ ሐይቁም መንገዱም ጠፋ። የቀራቸው ሰሜን ጠቋሚው ብቻ ነበር። አመኑት። እሱም በልበ ሙሉነት ወደ አርሲ ተራሮች ወሰዳቸው። እታገኝ ልጆቿን ይዛ ሐዋሳ፣ ሊያርፉበት የነበረው ሜዳ ዳር እስኪመሽ ቆመች።

በሦስተኛው ቀን ሕይወታቸው አልፎ ተራራው ገመገም ላይ ተገኙ። ልሳኑ ከፈላጊዎቹ ጋር አብሮ ሄዶ ነበር። ክንፉ ተሰባብሯል፣ ጨርቁም ቦታ ቦታውን ተቀድዷል። የወይዘሮ ደብሪቱ ስፌት ግን አንድም ቦታ አልተፈታም። ልሳኑ ይህን ሲያይ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሰው ሁሉ ደመናው ነው አለ። ልሳኑ ዝም አለ። አራት ዓመት ዝም አለ። ሚስቱ ምን ሆንክ ስትለው፣ ምን እንደሚላት ታውቃላችሁ። በመጨረሻ አልቻለም፤ ሐዋሳ ሄዶ እታገኝ ፊት ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። መቀሱን ነገራት፣ አሥራ ሁለቱን ዲግሪ ነገራት፣ ያቺን ቃልም ነገራት።



«ጋሼ ልሳኑ» አለችው። «አባቴ ይቆጣህ ነበር። ሁለተኛ ደጄ እንዳትደርስ ይልህ ነበር። ግን እናቴ ያንን ጨርቅ ስትሰፋ አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቀድዳችሁት ብትጠሩኝ፣ መጥቼ እሰፋው ነበር።»

ይቅር አለችው፤ ከልቧ ነው ይቅር ያለችው። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። አቶ ማንያዘዋል ግን አልተመለሱም።

ወገኖቼ፣ ልባችሁን ከምን አጠገብ ነው ያሰራችሁት? አቶ ማንያዘዋል ሚስታቸውን መውደዳቸው ኃጢአት አልነበረም። ማዘናቸውም ኃጢአት አልነበረም። ነገር ግን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጠቋሚው መሳቱን በምን ያውቃል? የሚያነበው ቁጥር ልክ ይመስለዋል። ቂም አጠገብ የታሰረ ልብ ቂሙን ፍትሕ ይለዋል። ሐዘን አጠገብ የታሰረ ልብ መንገድ ሁሉ ወደ መቃብር የሚሄድ ይመስለዋል። ስለዚህ ውጭ ቆሞ የሚያይላችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ እንዴት ነው ብላችሁ ስትጠይቁትም እውነቱን ለመስማት ጠይቁት።

ውጭ የቆማችሁትስ? ወንድማችሁ ሲስት በእጃችሁ ባለው እያያችሁ ነው። የምታዩትን ለሌላ ሰው ነግራችሁት ይሆናል፤ ለእሱ ግን አልነገራችሁትም። አክብሬው ነው ትላላችሁ። ልሳኑም አክብሮት ነበር ያለው። ሽማግሌውን ከቁጣና ከእንባ አዳንኳቸው ብሎ ነበር፤ ከሞት ግን አላዳናቸውም። ማስቀየም ከባድ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ ፊት ይጠቁራል፣ ደጅ ይዘጋል። የተቀደደውን የሚሰፋ ሰው ግን እግዚአብሔር አያጣም።

እኔም ከእናንተ የተሻልኩ አይደለሁም። አንድ ወዳጅ አለኝ። ቤቱ ሲፈርስ እያየሁ፣ ሲጠይቀኝ ደህና ነው፣ ያልፋል እያልኩት ስድስት ወር ሆነኝ። ይህን ታሪክ ለእናንተ ሳዘጋጅ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ዛሬ ከዚህ ስወጣ ወደ ቤቴ አልሄድም፤ ወደ እሱ ነው የምሄደው። ሊያስወጣኝ ይችላል።

እናንተስ፣ ከዚህ ስትወጡ ወደ ማን ቤት ትሄዳላችሁ?