የአቶ ሐብተየስ ውሻ

ብዙም ባልራቀ በአንድ ወቅት፣ አሰላ ከተማ ዳር አቶ ሐብተየስ የሚባሉ ጡረተኛ የትራክተር መካኒክ ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሦስት ልጆች አሏቸው። የመጀመሪያው ልሳነወርቅ አዳማ ውስጥ የሕንፃ ዕቃ ይነግዳል። ሁለተኛዋ የውብዳር አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ትሠራለች። የመጨረሻው ተካልኝ ሐዋሳ ተቀምጦ የሰው የጭነት መኪና ይነዳል። ሦስቱም አባታቸውን ይወዳሉ፤ ሦስቱም ግን የሚመጡት ለዓመት በዓል ብቻ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ሁለት ሰዎች በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው ገቡ። ሽማግሌውን ገፍትረው ጣሏቸውና አርባ ዓመት የሠሩበትን የመፍቻ ሣጥን ይዘው ሄዱ። የአቶ ሐብተየስ ክንድ ተሰበረ። ክንዳቸው በሁለት ወር ዳነ፤ ልባቸው ግን አልዳነም። በጠራራ ፀሐይ በር መቆለፍ፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ከወንበር መነሣት ጀመሩ። ከጎረቤታቸው ከጋሽ ኡስማን ጋር በረንዳ ላይ ዳማ መጫወት ይወዱ ነበር፤ እሱንም ተዉት።

ልጆቹ ተጠራርተው መጡ። እኛ ጋ ይኑሩ ብለው ተራ በተራ ለመኗቸው። አባትየው እንቢ አሉ። ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ሸክም ነው፣ ልትረዱኝ ከፈለጋችሁ ግን ውሻ ፈልጉልኝ አሏቸው። ትልቅ ውሻ፤ ቆሞ ሲታይ ብቻ ሰው የሚመልስ፣ ለቤት ሰው ግን ገራም የሆነ።

ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ሲጠይቁ ግን፣ ትልልቅ ዝርያ የሚያራቡ ሰዎች ለአንድ ቡችላ የሚጠሩት ዋጋ የየውብዳርን የአምስት ወር ደመወዝ የሚበላ ሆነ። ርካሽ የሚባለው ደግሞ ከየት እንደመጣ፣ ከማን እንደተወለደ የሚነግር አልተገኘም።

ልሳነወርቅ ነገር ማጓተት አይወድም። በዚያው ሳምንት ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ አስፋልት ዳር ቡችሎችን በካርቶን ይዞ የሚሸጥ ሰው አገኘ። እናቱ የት ናት ብሎ ጠየቀ፤ ገጠር ናት አለው። ተከትቧል ወይ ቢለው፣ ጨርሷል አለ። ሰውየው የቡችላውን እግር አንሥቶ፣ ይህ እግር የትልቅ ውሻ እግር ነው ብሎ አሳየው። ልሳነወርቅ ሌሎቹ ከሚጠሩት ዋጋ ሩቡን ሰጥቶ ወሰደው፤ በዚያኑ ቀን አሰላ አድርሶ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

አቶ ሐብተየስ ቡችላውን ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው ይዞሩ ጀመር። በአራተኛው ቀን ቡችላው ምግብ ተወ። በአምስተኛው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው። የእንስሳት ሐኪሙ ጥርሱን አይቶ፣ ይህ ገና አምስት ሳምንት አልሞላውም፣ ክትባት የሚባል ነገር አላየም፣ ከእናቱ ጡት መለየት አልነበረበትም አላቸው። መርፌውም፣ ግሉኮሱም አልረዳውም። በዘጠነኛው ቀን ሽማግሌው ጭን ላይ ሞተ። ሐኪሙ ሲሄድ አንድ ነገር ጨምሮ ተናገረ። በሽታው አፈሩ ውስጥ ይቆያል፤ እዚህ ግቢ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሌላ ቡችላ እንዳይገባ፣ ከመጣም ክትባቱን የጨረሰ አዋቂ ውሻ ይሁን አለ።

አቶ ሐብተየስ ልጃቸው ጋ ደወሉ። «ልሳኔ፣ ያ ነገር አልሆነልንም» አሉት እንጂ አልተቆጡትም። ልሳነወርቅ በሳምንቱ ግንበኞች ይዞ መጣ። የቁጥቋጦውን አጥር አስነሥቶ ከሰው ቁመት በላይ በድንጋይ አሳጠረ። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ዝናብ የማይነካው የውሻ ቤት አሠራ። ለሚመጣው ውሻ ቀለብ በየወሩ እኔ እልካለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ አንድም ወር አላጓደለም።

የውብዳር ደግሞ ዝም ብላ አልገዛም አለች። የእንስሳት ክሊኒኮችን ዞረች፤ ስልክ ቁጥር ለቀመች። ለሚያራቡት ሁሉ የምታቀርበው ጥያቄ አንድ ነበር፤ እናቱን ማየት እችላለሁ ወይ? ብዙዎቹ ሰበብ ሰጧት፤ አንዳንዶቹ ስልኩን ዘጉባት። ከብዙ ልፋት በኋላ ነው አንድ ሐኪም ቢሾፍቱ ወደሚኖሩት ወደ እትዬ ፈለቀች የላካት። እኒህ ሴት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሁለት ሴት ውሾች ብቻ አላቸው። ቡችላ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አይለዩም። ገዢው ከሚጠይቃቸው ይልቅ ገዢውን የሚጠይቁት ይበዛል።

እትዬ ፈለቀች ውሾቹ የሚያድሩበትን፣ የሚበሉበትን፣ የክትባት ካርዳቸውን ሁሉ አሳዩዋት። የውብዳር የግቢውን ነገር፣ የሞተውን ቡችላ፣ የኪሷንም አቅም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ከጓሮ አንዲት ውሻ ጠሩ። ቡላ ትባላለች። ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስትቆም ጭንቅላቷ ከሰው ወገብ ይደርሳል። ቡችላ ሳለች የወሰዳት ሰው ብዙ በላችብኝ ብሎ መልሷታል። ዋጋ አልጠየቁባትም፤ የክትባቷን ወጪ ብቻ መክፈል ይበቃል አሉ። ግን አስከትለው፣

«ለማላውቀው ሰው ውሻ አልሰጥም። ቅዳሜ ቅዳሜ ነይና አጽጂ፣ ቀለብ አብስዪ። እሷም ትልመድሽ፣ እኔም ልወቅሽ» አሏት።

የውብዳር ሦስት ወር ሙሉ፣ አንድ ቅዳሜ ሳትቀር፣ በአውቶቡስ ቢሾፍቱ ተመላለሰች። ቢሮ የምትለብሰውን ልብስ በፌስታል አስቀምጣ የውሻ ቤት አጠበች። መጨረሻ ላይ እትዬ ፈለቀች ማሰሪያውን እጇ ላይ አኖሩላት። ቀኑን ሙሉ እንዳትታሰር አሉ። እንዳትራብ አሉ። ሌላም ነገር አሉ፤ ሽማግሌ ብቻውን ይህችን ውሻ አይችላትም፣ ቤቱ ውስጥ ጉልበት ያለው ሰው ይኑር።

ይህን የመጨረሻውን ቃል የውብዳር ለወንድሞቿ በስልክ ነገረቻቸው። እሷ ሥራዋን ልትተው አትችልም። ልሳነወርቅ ሚስት፣ ልጆችና ሱቅ አለው። ተካልኝን ማንም ተስፋ አላደረገም፤ ትምህርቱን ካቋረጠ ጀምሮ ከአባቱ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ንግግር አልነበራቸውም። በሳምንቱ ግን የመኪናውን ቁልፍ ለባለቤቱ አስረክቦ አንድ ሻንጣ ይዞ አሰላ ገባ፤ የውብዳርም ቡላን አመጣችላቸው። ተካልኝ በኪራይ ባጃጅ ለግማሽ ቀን መሥራት ጀመረ።

ጠዋት ጠዋት በየሉካንዳው እየዞረ ሳምባና አጥንት ይለቅማል፤ ልሳነወርቅ ከሚልከው የበቆሎ ዱቄት ጋር ይቀቅልላታል። ሲነጋ በከተማው ዳር እስካለው ባሕር ዛፍ ያንሸራሽራታል፤ ሲመለሱ መዥገሯን ይለቅማል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሰው የጣለውን መርዝ የተቀባ ሥጋ በላች። ተካልኝ አረፋ የምትደፍቀውን ውሻ ተሸክሞ ባጃጁ ላይ ጫናት፤ ክሊኒክ ወለል ላይ ሦስት ቀን አጠገቧ ተኛ። ተረፈች።

በሁለት ዓመት ውስጥ አቶ ሐብተየስ እንደ ድሮው ሆኑ። በሩ ቀን ቀን ይከፈት ጀመር። ጋሽ ኡስማን ዳማቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ቡላ አገጯን ሽማግሌው ጉልበት ላይ ጣል አድርጋ ጨዋታውን ታያለች። አባትና ልጅም በእሷ በኩል መነጋገር ጀመሩ። መጀመሪያ፣ በላች ወይ፣ ጠጣች ወይ ነበር። ቆይቶ ስለ ሞተር፣ ስለ ልጆቹ እናት፣ ስላቋረጠው ትምህርትም አወሩ።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ሐብተየስ ጓሮ ወደቁ። ቡላ ጮኸች። ጋሽ ኡስማን ደርሰው ሰው ጠርተው ሆስፒታል አስገቧቸው። ልጆቹ ሦስቱም ደረሱ። ሽማግሌው ሦስት ቀን ቆዩ፤ በመጨረሻው ቀን አንደበታቸው ተፈታና ስለ ቤቱም ስለ ገንዘቡም ሳይናገሩ፣

«ቡላን ለሚገባው ስጡ» አሉ። ስም አልጠሩም። ማታውን ዐረፉ።

ቤቱ የሦስቱ ሆነ፤ ለመሸጥም ተስማሙ። ቡላ ግን ለሦስት አትከፈልም። እትዬ ፈለቀች ለማስተዛዘን ሲደውሉ፣ በዚህ ዕድሜዋ አንድ ጊዜ ቤት ብትቀይር ትችል ይሆናል፣ ሁለተኛ ግን አትችለውም፣ አስባችሁ አንዴ ወስኑ አሏቸው።

በአርባው ቀን፣ ድንኳኑ ከፈረሰና ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ሦስቱ ልጆች ጋሽ ኡስማንን ዳኝነት ተቀመጡልን ብለው ለመኗቸው። ቡላ በሩ አጠገብ ተኝታ ነበር። ከሐዘኑ ወዲህ ከሦስቱም እጅ ትበላለች፤ ከሦስቱም እጅ ጥቂት ትበላለች።

ልሳነወርቅ ያጠረውን ግንብ፣ ያልተቋረጠውን ቀለብ ቆጠረ። አዳማ ያለው ግቢው ሰፊ ነው፤ አትራብም፣ አትታሰርም አለ። የውብዳር እኔ ባልፈልጋት ይህች ውሻ እዚህ አትገኝም ነበር አለች፤ ያለችበትን ክፍል ለቃ ከከተማ ዳር ግቢ ያለው ቤት ለመከራየት ቀብድ መክፈሏን ተናገረች። ተካልኝ ወንድምና እህቱን አየ። ቤቱ ሲሸጥ ድርሻዬን ይዤ እዚሁ አሰላ ቤት እከራያለሁ አለ፤ ከዚያ፣ «ስነሣ ትነሣለች፣ ስተኛ ትተኛለች፤ ሌላ የምለው የለኝም» አለ።

ጋሽ ኡስማን፣ ያደረጋችሁትን እኔም አውቃለሁ፣ አይቻለሁ፤ አሁን የሚቆጫችሁን ንገሩኝ አሉ።

ልሳነወርቅ አንገቱን ደፋ። «ቡችላውን የሸጠልኝ ሰው ሲዋሽ አውቄ ነበር» አለ። «ቡችላው ሲንቀጠቀጥም አይቻለሁ። ሱቁ እንዳይዘጋ ቸኮልኩ። አባባ እጃቸው ላይ ሲሞት የሚያዩትን ነገር እኔ ነኝ አውቄ ያመጣሁባቸው።»

የውብዳር ቀጠለች። አባታቸው በር ቆልፈው ፈርተው ተቀምጠው በነበሩባቸው በእነዚያ ሦስት ወራት፣ ቅዳሜዎቿን ሁሉ ለውሻዋ ስትሰጥ አንድ ጊዜ እንኳ መንገዱን ቀጥላ አሰላ አልደረሰችም። ውሻዋን ካመጣች በኋላም ግዴታዋን የጨረሰች መሰላት። በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ መጣች። «መቼ ትመጪያለሽ ሲሉኝ፣ ቡላ ደኅና ናት ወይ እያልኩ ወሬ አስቀይራቸው ነበር» አለች።

የተካልኝ ተራ ደረሰ። ያን እሑድ አባቱ ራሴን ከብዶኛል፣ ዛሬ አትውጣ ብለውት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ቤት መዋል ሰልችቶት ነበር። «ቡላ አለች አይደል አልኳቸው» አለ። «ኳስ ላይ ሄድኩ። ስልኬንም አጠፋሁት።»

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልወቀሰም። ሦስቱ የጋሽ ኡስማንን አፍ ይጠብቁ ጀመር። ጋሽ ኡስማን ኮፍያቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ባልጠየቅኳችሁ ይሻል ነበር» አሉ። «እኔም ያን ቀን ጩኸቷን ቀድሜ ሰምቻለሁ። መንገደኛ አይታ ነው ብዬ ምሳዬን በልቼ ጨረስኩ። በእናንተ ላይ ልፈርድ አልችልም።» ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ገዢው የቤቱን ቁልፍ የሚረከበው ሰኞ ነው። እስከዚያ አንዱ ማሰሪያውን መያዝ አለበት፤ ሁለቱ ደግሞ ባዶ እጃቸውን መሄድ አለባቸው። አንዱ ባጠፋው ልክ ክሷል። አንዷ ማንም ያላገኘውን በትክክለኛው መንገድ ፈልጋ አግኝታለች። አንዱ ኑሮውን ትቶ አብሯት ኖሯል። ሦስቱም ለአባታቸው የጎደሉበት ቀን አላቸው፤ ያን ቀን የሚመልስላቸው የለም።

እንግዲህ ፍርዱ ወደ እናንተ መጥቷል። ሽማግሌው ለሚገባው ስጡ ሲሉ፣ ይበልጥ ለደከመው ማለታቸው ነበር ወይስ ይበልጥ ለሚቆጨው? ወይስ እሷን ከእንግዲህ ብቻዋን ለማይተዋት? ከሦስቱ ቡላ የምትገባው ለማንኛው ነው?