ባሕር ያመጣው መረብ

ስሙኝማ። በቀይ ባሕር ዳር፣ በአንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ሁመድ የሚባል ሰው ነበረ። አንድ ጠዋት ውሃው ሸሽቶ ሳለ፣ ራቅ ብለው ከሚታዩት ድንጋዮች መካከል አንዲት የዶልፊን ግልገል በመረብ ተይዛ አየ። እናቷ እንድትተነፍስ ከሥር ቀና ታደርጋታለች።

ሁመድ ቦታውን አወቀው። መረቡም የራሱ ነበር። አምና ድንጋይ ላይ ቢያዝበት፣ ጠልቆ መፍታት ሰለቸውና ቆርጦ ጥሎት ሄደ፤ ለመንደሩ ግን «ተሰረቅሁ» አለ። መንደሩም አዝኖ፣ ክር አዋጥቶ አዲስ አሠራለት።

አሁን የፈለገው ነገር አንድ ነው፤ ውሃው ሳይሞላ ግልገሏን ማስለቀቅ። የእሱ ጀልባ ተሰንጥቆ ስለነበር ጎረቤቱ ዳውድ ዘንድ ሄደ።

«ዳውድ፣ ጀልባህን አውሰኝ። ግልገሏ በመረብ ተይዛለች።»

«የማን መረብ ነው?»

«ባሕር ያመጣው ነው።»

«ጀልባዬ ያለ መቅዘፊያ አይሄድም። መቅዘፊያው ኢድሪስ ዘንድ ነው።»

ኢድሪስ ዘንድ ሄደ። «ኢድሪስ፣ መቅዘፊያውን ስጠኝ። ያለ መቅዘፊያ ጀልባው አይሄድም፣ ያለ ጀልባ ድንጋዩ ጋ አልደርስም፣ ግልገሏ በመረብ ተይዛለች።»

«የማን መረብ ነው?»

«ባሕር ያመጣው ነው፤» አለ ሁመድ መሬት መሬት እያየ።

«ታዲያ መረቡን በጥርስህ ልትቆርጠው ነው? መጀመሪያ ከቃሲም ቢላ አምጣ።»

ቃሲም ዓሣ ይበልት ነበር። «ቃሲም፣ ቢላህን ስጠኝ። ያለ ቢላ መቅዘፊያ አላገኝም፣ ያለ መቅዘፊያ ጀልባው አይሄድም፣ ያለ ጀልባ ድንጋዩ ጋ አልደርስም፣ ግልገሏ በመረብ ተይዛለች።»

«የማን መረብ ነው?»

«ባሕር ያመጣው።» ፊቱ ጋለበት።

«ቢላዬ ዶልዱሟል። ሞረዱ እማማ ዘሃራ ዘንድ ነው።»

ወደ እሳቸው መሄድ ከሁሉ ከበደው። አዲሱን መረብ ቋጥረው የሠሩለት እሳቸው ናቸው።

«እማማ ዘሃራ፣ ሞረዱን ይስጡኝ። ያለ ሞረድ ቢላው አይቆርጥም፣ ያለ ቢላ መቅዘፊያ አላገኝም፣ ያለ መቅዘፊያ ጀልባው አይሄድም፣ ያለ ጀልባ ድንጋዩ ጋ አልደርስም፣ ግልገሏ በመረብ ተይዛለች፣ ውሃውም እየሞላ ነው።»

«የማን መረብ ነው?»

«ባሕር ያመጣው...»

«ባሕር መረብ አይሠራም ልጄ። የማን ነው?»

ሁመድ አንገቱን ደፋ። «የኔ ነው። አልተሰረቅሁም። ሰንፌ ነው የጣልኩት።»

ዘሃራ ክር የቆራረጠውን ጣታቸውን አዩ እንጂ አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ሞረዱን ሰጡትና፣ «ለሦስቱም ራስህ ንገራቸው፤» አሉት።

ለቃሲም ነገረው፤ ሞረዱ ቢላውን ሳለ። ለኢድሪስ ነገረው፤ ቢላው መቅዘፊያውን አስገኘ። ለዳውድ ነገረው፤ ሦስቱም አብረውት ተሳፈሩ፤ መቅዘፊያው ጀልባውን አንቀሳቀሰ፣ ጀልባው ድንጋዩ ጋ አደረሰ፣ ቢላው መረቡን ቆረጠ፣ ግልገሏም ተለቀቀች። አንዴ በኃይል ተነፈሰችና ከእናቷ ጎን ገባች።

አራቱም መረቡን ወደ ጀልባው ሲጎትቱ ሌላም ነገር አብሮ ወጣ። ከርሞ የበሰበሰ የወፍ ክንፍ፣ ከዚያም አንዲት ትልቅ ኤሊ፣ እግሯ በክሩ እንደታሰረ የሞተች። ሁመድ ቀና ብሎ ሦስቱን ሊያያቸው አልቻለም፤ ተንበርክኮ የኤሊዋን እግር መፍታት ጀመረ። ለእሷ አይጠቅማትም። ቢሆንም ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፈታ፤ ዳውድም ቢላውን አስቀምጦ አጠገቡ ተንበረከከና በሌላው እግር በኩል ያዘለት።